ያልተመዘገበች እንግዳ

ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ የሆቴሉ ነው። ዶሮ ነው እንጂ ማሽን አይደለም፤ ግን የሚጮኸው እንግዶች ሊነሱ በሚፈልጉበት ሰዓት ነው። እንዴት አድርገው እንዳስለመዱት አልጠየቅኩም። እነሳና ስልኬን ከመደቡ ሥር እደብቃለሁ፣ የላስቲክ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሙቀጫ ልወቅጥ እቀመጣለሁ። ሙቀጫው ውስጥ ምንም የለም። እህል ከተወቀጠ ብናኙ የአየር መለኪያውን ያስጮኸዋል፤ ስለዚህ ባዶውን ነው የምወቅጠው። ድምፁ በቅርስነት ስለተመዘገበ መቅረት አይችልም።

ታች ቤት የሚታሰረው በሬ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ረፋድ ላይ እኔ ጋ ያመሰኳል፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ይሄዳል። አንድ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ከዋለ ትንፋሹ የቤቱን አሻራ ያበላሻል። አሻራ የሚሉት አንድ ቤት ምድርን ምን ያህል እንደጎዳ ነው። የእኔም ትንፋሽ ይቆጠራል፤ ስቆጣ ስለሚጨምር እንዳልቆጣ ተመክሬያለሁ። እኔና አለመቆጣት!

ስሜ ዘርትሁን ይባላል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓ.ም. ነው፣ አገሩም ላስታ፣ ዋሻ ሚካኤል። ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናችን በሰው ብዛት ተበላ፣ ውሃውም አለቀ ተባለና ተሳላሚ በተራ ብቻ እንዲገባ ከተደነገገ ቆይቷል። ተራው ለአንዳንዱ ዓመታት ይፈጃል። የከተማው ሰው ደግሞ ሜዳው ላይ ወደተሠራው አዲስ ሰፈር እንዲወርድ ተደረገ። ላይ የቀሩት ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶቻችን ተጠግነው ሆቴል ሆኑ። ስሙ "ነባር ሰፈር" ነው። መብራቱ ከፀሐይ፣ ውሃው ከጣሪያው ጤዛ፣ ጠላው ከስካር የነጻ። በየቤቱ አንዳንድ የአገር ሰው "ሕያው ቅርስ" ተብሎ እንዲቀመጥ ስለተፈቀደ እኔ ቀረሁ።

አዲስ ሰፈር የወረዱት ጎረቤቶቼ በዚህ ያሙኛል። የፈረንጅ እግር አጣቢ ሆነች ይላሉ። ይበሉ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ቤት ነው። ልጆቼንም የወለድኩት፣ እናቴንም የገነዝኩት እዚሁ ነው። ቤቴን እወደዋለሁ፤ እሱን ትቼ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ለመስኮት ከምፋጠጥ ባዶ ሙቀጫ ብወቅጥ ይሻለኛል ብዬ ፈረምኩ። ውሉ ላይ አንድ ከባድ ነገር ነበር፦ ያልተመዘገበ ሰው ያስገባች አስተናጋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ቤቱን ትለቃለች።

በሩን የሠሩት ልጆች ጨዋዎች ነበሩ። እንደ ሌላው ሆቴል በካርድ ወይም በዓይን እንዲከፈት አልፈለጉም። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ጠየቁ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ምን ይል ነበር? "ቤት ለእንግዳ" ይላል አሏቸው። ባለቤቱስ? "ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ" ይላል። ባለቤቱ እንግዳውን ባይፈልግስ? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አጎቴ "እሱን እንኳ አናውቀውም" አለ። ስለዚህ ልጆቹ ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩ። እንግዳው ቃሉን ተናግሮ አስተናጋጇ ስትመልስለት በሩ ይከፈታል፣ እንግዳው ለቤቱ ይመዘገባል፤ አስተናጋጇ "እንግዳዬን አሰናብቻለሁ" ስትል ደግሞ ምዝገባው ይሰረዛል። ሁለቱም በእሷ ድምፅ ካልሆነ አይሠራም።

ቃሉን የሚልኩት ቦታ ለያዘ ሰው ብቻ ነው፤ እንደ ይለፍ ቃል። በዚህ አገር ማንም ሳይልክለት ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንዳለ አላሰቡም። እንኳን እነሱ እኔም አላሰብኩም፤ በእግሩ የሚመጣ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ።

ሆቴሉ በተከፈተ በዓመቱ በኅዳር፣ የሚካኤል ዋዜማ ዕለት፣ ከአረንጓዴ ማረፊያዎች ማኅበር ዶክተር ናሆም የሚባሉ ገምጋሚ እንደሚመጡና እኔ ቤት እንደሚያድሩ ተነገረኝ። ሥራ አስኪያጇ ሶልያና ጠዋት ሁለት ጊዜ መጥታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ልጅ ናት፣ ጥሩ ልጅ። "እትዬ ዘርትሁን፣ የዛሬው እንግዳ የምስክር ወረቀታችን ነው" አለችኝ። ገበቴውን አጥቤ፣ አጎዛውን አራግፌ ጠበቅኩ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከበሩ ውጭ ድምፅ ሰማሁ።

"ቤት ለእንግዳ።"

የሆቴሉ እንግዶች ይህን ቃል እንዴት እንደሚሉት አውቃለሁ። ፈረንጆቹ "ቤት ለኢንጊዳ" ይላሉ። የአዲስ አበባዎቹ ከስልካቸው ላይ እያነበቡ የባንክ መልእክት ያስመስሉታል። ይህ ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ይጎተታል፤ እምቢ ይሉኛል ብሎም አይፈራም። የናቴ እንግዶች እንዲህ ነበር የሚሉት።

"ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። በሩ ተከፈተ።

የገባችው ሴት በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። በአንድ እጇ ዱላ፣ በብብቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። እንጉዳይ እባላለሁ፣ ከበለሳ ነኝ አለችኝ። ልጇ በምጥ ተይዛ ከነሕፃኗ ልትሞትባት ስትል ለዋሻ ሚካኤል ጥላ ተስላ ነበር። ልጅቷ ተርፋለች፣ ሕፃኑም። ጨርቁ ውስጥ ያለው ጥላው ነው።

"ተራ አልያዝሽም?" አልኳት።

"ከያዝኩ ቆየሁ። በጠየቅኩ ቁጥር 'ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው' ይለኛል። እኔ ስጨነቅ ሚካኤል በሂደት ላይ ነው አላለኝም። ስለዚህ እናቴ በምትመጣበት በገደሉ መንገድ መጣሁ።"

በገደሉ በኩል ጠባቂ የለም። የሚቆጣጠሩት አስፋልቱን ነው።

ተቀመጪ አልኳት። ውሉን ግን አልረሳሁትም። እሷ መደቡ ላይ ሆና ዙሪያዋን ታያለች፤ የጭቃውን ግድግዳ፣ ቅሉን፣ እንስራውን፣ ኩበቱን። ፊቷ በሐዘን ጨፈገገ።

"እህቴ፣ አይክፋሽና፣ አሁንም እንዲህ ነው የምትኖሩት? እኛ ጋ እኮ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የለም። ልጆች የሉሽም? የሚያስብልሽ ሰው የለም?"

ሳቄ መጣ። ይህን ቤት እንዲህ ለማድረግ ስንት መሐንዲስ እንደተረባረበበት እንዴት ብዬ ላስረዳት። "አሉኝ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከስልቻዋ በሶ አውጥታ፣ ምስኪን ናት ብላ መሰለኝ፣ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ በላሁ። እኔ ደግሞ ለዶክተሩ የተዘጋጀውን አቀረብኩላት። ደስ ብሏት በላች።

ከዚያ እግሯን ላጥባት ገበቴውን አመጣሁ። እግር ማጠብ የሆቴሉ ዋና ዝግጅት ነው፤ ስንቱን የለሰለሰ እግር አጥቤያለሁ። ውሃው ተጣርቶ ስለሚመለስ አንድ ቅል ውሃ ለስንት ሰው ይሆናል። የእንጉዳይ ተረከዝ ግን ንቃቃቱ ጣት ያስገባል። ውሃው ወዲያው ጠቆረ፤ ማጣሪያው ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ቆመ።

"ውሃው ከተፈቀደው ደረጃ በላይ ቆሽሿል" አለ ከጣሪያው። "እባክዎ እንግዳዎን ያነጋግሩ።"

እንጉዳይ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። "ማነው?"

"ቤቱ ነው።"

"ይናገራል?"

"ይነጫነጫል እንጂ መናገርስ አይችልም። እግርሽን አምጪ።"

አጥቤ ሳልጨርስ ሶልያና መጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ጠራችኝና ወጣሁ። ፊቷ አመድ መስሏል። ዶክተር ናሆም ታች በር ደርሰዋል፤ እኔ ቤት ግን እንግዳ አለው ተብሎ ተመዝግቧል፤ የማን ስም እንደሆነ አይታወቅም።

"እትዬ፣ ማን ናት?"

"እንግዳ ናት።"

"ተራ አላት?"

"የላትም።"

ዓይኗን ጨፈነች። "አሁን አንድ ቃል ይናገሩ፣ እንግዳዬን አሰናብቻለሁ ይበሉ። ምዝገባው ይጠፋል፣ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ሴትየዋን የመመለሻው አውቶብስ ይዟት ይሄዳል፣ ማንም አይነካትም።"

"ሳትሳለም?"

"እትዬ፣ ካልተናገሩ ቤቱን ይወስዱብዎታል። እኔ ላስቆመው አልችልም። ነገ መኪና ይመጣል።"

እውነቷን ነው፤ ማስፈራሯ አልነበረም። ዘወር ብዬ ቤቴን አየሁት። አባቴ የደረደረውን ድንጋይ፣ እናቴ የምትደገፈውን ምሰሶ። አንድ ቃል ናት፤ ብናገር ማንም አይወቅሰኝም። ግን እኔ ግቢ ብያታለሁ። ግቢ ብዬ አስገብቼ፣ በሶዋን በልቼ፣ እግሯን እርጥቡን ይዤ ውጪ ልላት ነው? አልሆነልኝም። ጀግንነት አይደለም፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

"አልልም" አልኳት።

ለካ እንጉዳይ ሰምታናለች። ጥላዋን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ እግሯ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆማለች። "እኔ ሰው ላስቸግር አልመጣሁም። ቤትሽን ላስነጥቅሽ? ልሂድ፣ ዛፍ ሥር አድራለሁ።"

"በሞቴ ተቀመጪ።"

"አይሆንም እህቴ።"

"አፈር ስሆን። እንግዳዬ ዛፍ ሥር አድራ እኔ እዚህ ቤት እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል? ተቀመጪ ብያለሁ።"

 ሶልያና ደረጃውን ወረደች። ዶክተሩን ጎረቤት አሳደረቻቸው።

አስተናጋጆች ለሚካኤል በዓል አንዳንድ መግቢያ አለን። በነጋታው የእኔን ለእንጉዳይ ሰጠኋት። ጥላውን ዘርግታ ገባች፣ ሚካኤልን ተሳልማ ተመለሰች፤ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኘኋት። ከዚያ ተመልሼ ልብሴን አሰርኩና መኪናውን መጠበቅ ጀመርኩ። የእናቴን ምሰሶ ተደግፌ አለቀስኩ፤ የሚያየኝ ካለም ይየኝ ብዬ።

የመጣው መኪና ሳይሆን ሶልያናና ዶክተር ናሆም ነበሩ። ሰውዬው ፊታቸው በርቷል። ጎረቤት ሆነው ለካ የቤቴን ቀረጻ ሲያዩ ነው ያደሩት፤ ቤቱ ሁሉን ያያል፣ ይሰማል። "ወይዘሮ ዘርትሁን፣ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሕያው ቅርስ አላየሁም" አሉኝ። "ያ በሶ። ያ 'በሞቴ ተቀመጪ' ያሉት። ይህ እንዴት ከፕሮግራሙ ቀረ?"

"ውሉስ?" አልኩ።

"ውሉ ይቆይ" አሉ እየሳቁ።

ሆቴሉ ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። እኔም ቤቴ ቀረሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የታሰረ ልብሴን እየፈታሁ እንደ ልጅ ዘፈንኩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ዝግጅት ተጨመረ፤ "ያልታሰበ እንግዳ" ይባላል። የመጀመሪያዋ ማራናታ የምትባል ቲያትር የተማረች ልጅ ነበረች። ጭቃው ከእኛው ወንዝ የመጣ ነው፣ ኬሚካል የለውም። የተረከዟ ንቃቃት ከሙጫ የተሠራ ነው፣ ሲታጠብ ይላቀቃል። የሆቴሉ እንግዶች መደብ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ማጣሪያው ለዚህ ተብሎ ተሻሽሏል፣ ግን ያው እንዲያጉረመርም ተደርጓል። ሶልያና ራሷን ሆና ትመጣለች፤ ደረጃው ላይ ቆማ ቤቱን ይወስዱብዎታል ትለኛለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ስትለው ወደ መሬት ታይ ነበር። እኔ አልልም እላለሁ። ልጅቷ ልሂድ ስትል በሞቴ እላታለሁ። አፈር ስሆን የምለው ላይ አንዳንድ እንግዶች ያለቅሳሉ።

አደረግኩት። ቤቴ ውስጥ እስካለሁ ምን ቸገረኝ፣ ልጆቹም እንጀራቸው ነው አልኩ። ማራናታ እንዲያውም ደግ ልጅ ናት፣ ጨርሰን ወገቤን ታሽልኝ ነበር።

እየቆየ ግን እንግዶች ነገሩን አስቀድመው ሰምተው መምጣት ጀመሩ። ያልታሰበ ሊባል አልቻለም። ስለዚህ ቀኑን ለእኔም መናገር ተዉ። ሴቶቹን ይለዋውጣሉ፤ አንዳንዴ መደቡ ላይ ተመልካች ይኖራል፣ አንዳንዴ ክፍላቸው ተቀምጠው በቀረጻ ያያሉ። "እርስዎም ካላወቁ ይበልጥ ከልብ ይሆናል" አለችኝ ሶልያና። እኔ ደግሞ መሞኘት አልወድም። ሰው በመጣ ቁጥር መመርመር ጀመርኩ። አንዷን በዱላዋ ያዝኳት፤ አዲስ ነበር። ሌላዋን በጠረኗ፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ያወቅኩባት ዕለት በውስጤ ደስ ይለኛል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የሚያጋልጠውን ነገር ሆነ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ዕለት ዝናብ ሲያባራ አንዲት ሴት መጣች። ቃሉን አለች፣ መለስኩ፣ ገባች። መደቡ ላይ ተመልካች አልነበረም። አነጋገሯ የዋግ አገር ነው፤ ያሠለጥኗቸዋል። ልብሷ ረጥቧል፤ ያረጥቧቸዋል። ብዙም አላወራችም፤ ይህችስ ጎበዝ ናት፣ ሳታበዛው ነው የምትጫወተው አልኩ በልቤ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። ስምም አጥንተው ይመጡ የለ።

ገበቴውን አቅርቤ እግሯን ያዝኩ። ተረከዟ ያኔ እንዳየሁት የእንጉዳይ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ሙጫውን በጣቴ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። አሻሽለውታል ማለት ነው። ተነስቼ ሻካራውን ድንጋይ አመጣሁና ፈተግኩት። አልተላቀቀም። እልህ ያዘኝ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። በሁለት እጄ ይዤ በኃይል ፈተግኩት።

ውሃው ቀላ።

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። እግሯን አልሰበሰበችም፣ እዚያው ገበቴው ውስጥ ተወችው። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ምንም አይደል እህቴ፣ አትደንግጪ" አለችኝ። "አንቺ አይደለሽም፣ መንገዱ ነው።"

እግሯን በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። አበላኋት፣ አጎዛው ላይ አስተኛኋት። ጠዋት የሰኔ በዓል መግቢያዬን ሰጠኋትና እያነከሰች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትሄድ ከደጅ ቆሜ አየኋት። ስሟን መግቢያውን ስሰጣት ነው የጠየቅኳት። ዝማም እባላለሁ አለችኝ።

በቀጥታ ሶልያና ቢሮ ሄድኩ።

"ቤቱን ልለቅ ነው" አልኳት።

ቀና አለች። "ምን ሆኑ እትዬ? ስለትላንትናዋ ሴት ከሆነ አይስጉ። ከእኛ እንዳልሆነች ዛሬ ጠዋት አየን፣ ግን ቀረጻው በጣም ተወዷል። ማንም ምንም አይልዎትም።"

"እንግዳ አደማሁ።"

ሶልያና የእጅ ሰሌዳዋን ነካ ነካ አድርጋ መዝገቡን አየች። ቆየችበት፤ ልትረዳኝ ስትፈልግ እንዲህ ነው የምትሆነው።

"እትዬ ዘርትሁን፣ ምንም ቅሬታ አልቀረበብዎትም" አለችኝ።

"አዎ፣ እሷ አታቀርብም" አልኳትና አዲስ ሰፈር የሚወርደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳት።